ኮች ዘንድ የተላከ ሽማግሌ

ኮች ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሰው ሚስቱ ስታኮርፍበት ሽማግሌ ይልካል፤ የሰው ሴት ልጅ ለትዳር ሲጠይቅ ይልካል፤ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ሲጣላም ይልካል። እኔ ግን እዚህ ካልጋሪ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋቢ የደረቡ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን የኮሌጅ እግር ኳስ አሠልጣኝ ቢሮ ድረስ ልኬአለሁ። ልኬም አልቀረሁ፣ በራሴ ሽማግሌዎች ተፈርዶብኝ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁ ነው፤ ሳቁ። ሚስቴም ከመጨረሻው በስተቀር በሁሉም ስቃለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጄ ነው። ፌቨን ትባላለች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ለኮሌጁ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት። በረኝነቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከእኔ ነው። እኔም በረኛ ነበርኩ። ሚስቴ አልማዝ እዚህ ብትኖር ኖሮ "የት ነው በረኛ የነበርከው?" ብላ ታቋርጠኝ ነበር። አሁን ሥራ ላይ ስለሆነች ልቀጥል።

አዲስ አበባ እያለሁ የአንድ ክር ፋብሪካ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የእንጨት አግዳሚ ነው፤ የተሠራበትን ምስማር እስካሁን አስታውሰዋለሁ። አንድ ቀን የመጀመሪያው በረኛ ጣቱ ተሰበረና ገባሁ። የተጫወትኩት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከክንፍ ኳስ ተሻማ። ኳሱ ወደ እኔ ይመጣል፣ አሠልጣኙ "ውጣ! ውጣ!" ይላል፣ እኔ የጎሉ መስመር ላይ እንደ ቆምኩ አየዋለሁ። እግሬ እምቢ አለኝ። የእነሱ አጥቂ በግንባሩ አገባው። አሠልጣኙ እኔን አስወጥቶ ተከላካይ የነበረውን ልጅ ጓንት አልብሶ በረኛ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያም ስሜን ጠርቶ አያውቅም።

ስለዚህ ፌቨን በስድስት ዓመቷ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ጓንት ስታጠልቅ መጀመሪያ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው፦ ኳስ ሲሻማ መስመርሽ ላይ አትቁሚ፣ ውጪና ያዢው። ያኔ ጓንቱ ከክንዷ ይበልጥ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በዝናብም በበረዶም፣ ከጎል ጀርባ ቆሜ "ውጪ!" ስል ኖርኩ። እንዲያው ይህ ጉሮሮ ቢናገር ብዙ ይላል።

አሁን ስለ ሞራል ላጫውታችሁ። እኔ የማምነው ቡድን የሚያሸንፈው በሞራል ነው ብዬ ነው። አገራችን ስንት ባዶ እግሩን የመጣ የሰፈር ቡድን፣ ጫማና ማልያ ያሟላውን ቡድን በደጋፊ ጩኸት ብቻ ሲረታ አይቻለሁ። የፌቨን ኮች ደግሞ ሌላ እምነት አላት። ፎከስ ትላለች፤ ትኩረት ማለቷ ነው። ጠዋት ፎከስ፣ ማታ ፎከስ። ዓመቱ ሲጀመር ለወላጆች ሁሉ ኢሜይል ላከች፤ ረጅም ስለሆነ አላነበብኩትም። አንብባ የነገረችኝ አልማዝ ናት።

"ከዳር ሆናችሁ ለልጆቹ ትእዛዝ አትስጡ፣ ፎከሳቸውን ይሰርቃል፣ ማበረታታት ብቻ ይበቃል ነው የሚለው" አለችኝ።

"እኔ መቼ ትእዛዝ ሰጥቼ አውቃለሁ? እኔ ሞራል ነው የምሰጠው።"

"'ውጪ' ትእዛዝ አይደለም?"

"በፍቅር ሲባል ትእዛዝ አይደለም" አልኳት። አልማዝ መልስ ስታጣ ሳይሆን ሲሰለቻት ነው ዝም የምትለው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንዳሸነፍኩ ነው የምቆጥረው።

ሞራሉ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ከቤታችን እስከ ሜዳው ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሃያ አምስቱንም የምናገረው እኔ ነኝ። ስለ ወኔ፣ ስለ ጽናት፣ ስለዚያ ክር ፋብሪካ። ፌቨን ኤርፖዷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በመስኮት ታያለች። እኔ በሙዚቃ ሞራሏን እያሟሟቀች ይመስለኝ ነበር። ሜዳው ስንደርስ ታጣፊ ወንበሬን ይዤ በቀጥታ ከእሷ ጎል ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ እዘረጋለሁ። ሌሎቹ ወላጆች መሐል መስመሩ አካባቢ ተሰብስበው፣ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ጥለው፣ ልጃቸው ጎል ሲቆጠርባትም ያጨበጭባሉ። ይህን ጭብጨባ እስካሁን አልተረዳሁትም። በእረፍት ሰዓት ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እኔም ወንበሬን አጥፌ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሜዳውን ዞሬ ወደ ሌላው ጎል እሄዳለሁ። ሁሉም ያየኛል፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልፋለሁ። ለልጄ ነው እኮ።

በዚህ ብቻ ባቆም ጥሩ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ተነስቼ ማንም ሳይመጣ ሜዳው ደረስኩ። በውሃ ጠርሙስ የያዝኩትን ጠበል የጎሉ ቀኝና ግራ ቋሚ ላይ ረጨሁት፤ ለጥንቃቄ መረቡንም ጨመርኩ። የሜዳው ሠራተኛ ከሩቅ አይቶኝ "ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" አለኝ። "ኦኬ" አልኩት። ፌቨን የመጀመሪያውን አጋማሽ አንድም ጎል ሳይገባባት ጨረሰች። እኔም የሚያጨበጭቡትን ወላጆች በሐዘኔታ እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ፊሽካ ተነፋና ቡድኖቹ ጎል ተቀያየሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ኳስ ያየሁ ሰው፣ ጎል እንደሚቀያየሩ ጠበሉን ስረጭ አልታየኝም። የተቃራኒው ቡድን በረኛ እኔ በረጨሁት ጎል ገብታ የእኛን ልጆች ምት በእጇ መለሰች፣ በእግሯ መለሰች፣ አንዱንማ ዞራ በጀርባዋ መለሰችው። በእኛ ላይ ሁለት ገባ። ማታ ለአልማዝ ስነግራት "ለሰው ልጅ ነዋ የጸለይክላት" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

የዚያን ቀን ሌላም ነገር አድርጌአለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮቿ ጋ ሄጄ ተከላካዮቿን እንዴት ማሰለፍ እንዳለባት አስረዳኋት። በትሕትና ነው ያስረዳኋት፤ ጣቴን ብቻ ትንሽ አወዛወዝኩ። እሷም ፈገግ ብላ "ታንክ ዩ ፎር ዩር ፓሽን" አለችኝ፤ ስለ ጋለ ስሜትህ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ፌቨን ቤንች ላይ፣ ተጠባባቂ ሆና ዋለች።

በቦታዋ ኬትሊን የምትባል የአንደኛ ዓመት ልጅ ገባች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ኳስ ግን አትይዝም። አንድ ጊዜ ነው ብዬ አለፍኩት። እሑድ ሌላ ከተማ ጨዋታ ነበራቸው፤ እኔ እሑድ እሑድ የምሠራበት መጋዘን ሺፍት ስላለኝ አልሄድኩም። ማታ ስጠይቃት "ተጫወትኩ፣ ዜሮ ለዜሮ" አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ባለሁበት፣ ቤንች። እሑድ እኔ በሌለሁበት ተጫወተች፣ አሸነፉ። ይህችን ሴት ተመልከቷት እንግዲህ፤ ልጄን ከእኔ ደብቃ ታጫውታለች።

ደሜ ፈላ። የእሑድ ሺፍቴን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ፣ ለማንም ሳልናገር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ የእሑዱ ጨዋታ ወዳለበት ሬድ ዲር ከተማ ሄድኩ። ስደርስ ልጆቹ እያሟሟቁ ነው። ፌቨን ጓንቷን አጥልቃ ጎል ውስጥ ቆማለች። በቃ፣ ያዝኳት አልኩ፤ ኮቿን ማለቴ ነው። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ወንበሬን አውርጄ፣ ከጎሉ ጀርባ ዘርግቼ ቀና ስል ጎሉ ውስጥ ያለችው ኬትሊን ናት። ልጄ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ቤንች ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። በውድድሩ ለመቀጠል የቀራቸው አንድ ጨዋታ ብቻ ሆነ፤ ቅዳሜ በሜዳቸው የግድ ማሸነፍ አለባቸው። ለፌቨን ደግሞ በሜዳዋ የምትጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተመርቃ ትወጣለች፣ ጓንቱም ይሰቀላል።

እናንተ ይህን ስታነቡ ነገሩ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ አልገባኝም። አልማዝም ገብቷት ኖሮ "ለምን ልጅቷን ራሷን አትጠይቃትም?" አለችኝ። እራት ላይ ጠየቅኳት።

"ለምንድን ነው የምታስቀምጥሽ?"

"ኢትስ ፋይን፣ አባ። ኮች ናት ዲሳይድ ያደረገችው" አለች፤ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ልጄ አንጀቷ አርሮ አባቷን ላለማስከፋት እንደምትደብቅ ነው። ኮቿ ተቀይማኛለች፤ በዚያ በጣቴ ምክንያት ተቀይማኛለች፣ ቂሟንም በልጄ እየተወጣች ነው። ሰው ሲቀየም ደግሞ ምን እንደሚደረግ እኛ እናውቃለን። ይቅርታ በኢሜይል አይጠየቅም። ሽማግሌ ይላካል።

አቢዴል ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ በእኛ ሰው መካከል ያስታረቁት ባልና ሚስት ስንት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ሰላምታ ሲሰጡ ራሱ ያጠፋችሁ ይመስላችኋል። እሳቸው የኦርቶዶክስ ሰው ስለሆኑ፣ አዳላ እንዳልባል ከፕሮቴስታንቶቹ ኅብረት ጋሼ ጌታሁንን ጨመርኩ። ሦስተኛም ነበረ፤ እሱ በዚያ ቀን ለበረዶ የሚሆነውን የዊንተር ጎማ የሚያስቀይርበት አፖይንትመንት ነበረው። የዚህን ከተማ ሰው የዊንተር ጎማ ቀጠሮ ሰርዝ ብሎ መለመን አይቻልም፣ ተውኩት።

ለኮቿ "የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ስለ ሰላም ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደስ ብሏት መለሰች፤ ረቡዕ ከልምምድ በፊት ሃያ ደቂቃ አለኝ አለች። በኋላ እንደሰማሁት የእምነት መጽሐፍ ሊያድሏት የሚመጡ ሰዎች መስለዋት ነበር።

ረቡዕ ሁለቱን ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ወሰድኳቸው። ሁለቱም ሱፍ ለብሰው በላዩ ጋቢ ደርበዋል። በጸሎት እንጀምር ተባለ። ጋሼ ታደሰ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው በሁለት ደቂቃ ጨረሱ። ጋሼ ጌታሁን ሜሞሪያል ድራይቭ የሚባለው መንገድ ላይ ጀምረው አሜን ያሉት የኮሌጁ ፓርኪንግ ስንደርስ ነው፤ ለኮቿ፣ ለኮቿ ቤተሰብ፣ ለካናዳ መንግሥት፣ ለመንገዱ ጸለዩ።

"አደራ፣ ሳትፈቅድላችሁ እንዳትቀመጡ" አልኳቸው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሆንለት ወንበር እንደማይዝ መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም።

"እኛን ታስተምራለህ?" አሉኝ ጋሼ ታደሰ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

ባለጉዳይ አብሮ አይገባም፤ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ተስማምታለች ማለት ነው አልኩ። ሠላሳ ሆነ። ተቀምጠዋል፣ ሻይ ቀርቧል አልኩ። ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ፌቨን ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እየሮጠች ወደ ሕንፃው ስትገባ አየኋት። እኔን እንዳታይ ከመሪው ሥር ጎንበስ አልኩ። አባት ሆኜ ልጄን እንደ ሌባ የተደበቅኳት ያን ጊዜ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጋሼ ጌታሁን የቡድኑ ዓርማ ያለበት የሹራብ ኮፍያ አድርገዋል። ጋሼ ታደሰ ደግሞ የቡድኑን ውሃ መያዣ በጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። ሽማግሌ ስጦታ ይዞ ሲመጣ ነገር ተበላሽቷል።

"እሺ፣ ጋሼ፣ ምን አለች?" አልኳቸው መኪናውን ሳስነሳ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሼ ታደሰ፣ "ልጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው።"

"ነው። ምን አለች?"

"እየመጣሁልህ ነው። ስጦታን ሰው በእጁ ይይዛል፤ አጥብቆ ከያዘው ደግሞ..."

"ጋሼ ጌታሁን፣ እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ።"

"ወንድሜ ይጨርሱ" አሉ ጋሼ ጌታሁን። በመንገድ ላይ በጸሎት ርዝመት እንኳ ሊስማሙ ያልቻሉ ሰዎች አሁን ወንድማማች ሆነዋል።

ጋሼ ታደሰ ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣ ወደ ትዕግሥት ሲሄዱ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ደረስን። ከዚያ ወደ ኮቿ መጡ። "ደህና ሴት ናት። አንቀመጥም ስንላት እሷም አብራን ቆመች። ሦስታችንም እንደቆምን ሃያ ደቂቃ አወራን። ልጅቷን ስለ ምን አስቀመጥሽብን አልናት፤ ስለ ተጫዋቼ ያለ ፈቃዷ አልናገርም አለች። ክብር ነው ይሄ። እንግዲያው ልጅቷ ትጠራ አልን። ፌቨን መጣች። እኛን ስታይ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።"

"ለምን አለቀሰች?"

"አንተ መንገድህን እይ" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አባቴ በመጣ ቀን አታስገቢኝ ብዬ ኮቿን የለመንኳት እኔ ነኝ አለችን።"

መኪናዋን ዳር አስይዤ የሃዛርድ መብራት አበራሁ።

"ኳስ ሲመጣ ማየት ያለብኝ ኳሱን ነው፣ እኔ ግን አባቴ ምን ይላል ብዬ ነው የምጠብቀው አለች" ሲሉ ጋሼ ጌታሁን ከኋላ ጨመሩበት። "እሱ ካልመጣ ኳሱ ይታየኛል አለች። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነው ያለችው፣ ሁለታችንም ሰምተናል።"

ትላልቅ መኪኖች በአጠገባችን እያለፉ መኪናዋን ያወዛውዟታል። እኔ ሬድ ዲርን አሰብኩ፤ ወንበሬን ዘርግቼ ቀና እስክል ድረስ ጓንቷን አውልቃ የተቀመጠችውን። ሮጣ መሆን አለበት የተቀመጠችው።

"ስለዚህ ቃል ሰጠን" አሉ ጋሼ ታደሰ።

"ምን ዓይነት ቃል?"

"ቅዳሜ ፌቨን ትግባ፣ አባቷ አይመጣም ብለን።"

"በማን ስም ነው ቃል የሰጣችሁት?"

"በአንተ ስም ነዋ። ሽማግሌ አልላክህም?"

"እኔ እኮ የላክኋችሁ ኮቿን እንድትለምኑልኝ ነው!"

"እኛ ጠበቃህ አይደለንም" አሉኝ። "ያየነውን አይተን ፈረድን። በል ንዳ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው።"

ምን እላለሁ? ሽማግሌ ልኮ የሽማግሌን ቃል ያፈረሰ ሰው በዚህ ከተማ ሠርግም ለቅሶም አይጠራም። በገዛ እጄ ታሰርኩ።

ያን ዕለት ፌቨን ከልምምድ ስትመለስ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። ቆሽቴ አርሯል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍሬአለሁም። ማፈሬን ግን በቁጣ ሸፈንኩት። አሥራ አምስት ዓመት በብርድ የቆምኩትን፣ የቀየርኩትን ሺፍት፣ የጠፋውን ጉሮሮዬን አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። አልማዝ ከምድጃው ዞራ "ማን ቁም አለህ?" አለችኝ።

"አባ፣ አይ ዋዝ ጎና ቴል ዩ፣ ልነግርህ ነበር" አለች ፌቨን።

"መቼ?"

ትንሽ አሰበችና "ከግራጁዌሽን በኋላ" አለች።

"ከግራጁዌሽን በኋላ ምን ይጠቅመኛል?"

"ዛትስ ዋይ፣ ለዚህ ነዋ" አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ታደሰ ደወሉ። ኮቿ እሳቸውንና ጋሼ ጌታሁንን በክብር እንግድነት ጠርታቸዋለች። "ለረጅም ሰዓት መቆም አልችልም፣ ያንን ታጣፊ ወንበርህን ብታውሰን" አሉኝ። ሰጠሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ኳስ አይታ የማታውቀው አልማዝም ጋቢዋን ደርባ፣ ወንበሬን ተሸክማ፣ ሁለቱንም የመኪና ቁልፍ ይዛ ወጣች። "አንደኛው ትርፍ ነው እኮ" አልኳት። "አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የያዝኩት" አለችኝ።

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለራሴም ቃል ገባሁ፤ ቤቴ ውስጥ እንኳ አንዲት ቃል አልናገርም፣ በልቤም አልልም አልኩ። መስኮቱ ላይ ቀጭን በረዶ ይጥላል፤ በበረዶ ኳስ እንደሚያንሸራትት፣ በረኛ እጇ እንደሚደነዝዝ አውቃለሁ። አፌን በእጄ ያዝኩ። አርባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ከተቀመጥኩበት የሶፋ ጫፍ ተነስቼ ወደ ሌላው ጫፍ ሄጄ ተቀመጥኩ። ያደረግኩትን ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። አልማዝ ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እኔን ሳታየኝ ወደ ወጥ ቤት አለፈች። አልሳቀችም። ፌቨን ጫማዋን አውልቃ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጸጉሯ ርሷል፤ ጓንቷን በእጇ ይዛለች።

"እንዴት ሆናችሁ?" አልኳት።

"አንድ ለዜሮ። ተሸነፍን።" ጓንቷን በእጇ አገላበጠች። "እስከ መጨረሻው ሁሉንም ይዤ ነበር፣ አባ። ፔናሊቲም ያዝኩ። ጋሼ ታደሰን ጠይቃቸው።"

"አምንሻለሁ። ጎሉስ?"

"ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ከክንፍ ተሻማ። ኳሱ የተከላካያችን ነበር፣ እሷ ጋ ነበር የሚሄደው። መስመሬ ላይ መቆም ነበረብኝ፣ በቃ። ወጣሁ። በላዬ አለፈ።"

"ለምን ወጣሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ሰማሁህ" አለች።

"እኔ እኮ አልነበርኩም፣ ፌቪ። እዚሁ ነው የዋልኩት። ትንፍሽ አላልኩም።"

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ ጓንቷን ሶፋው ላይ ትታ እናቷን ልታግዝ ተነሳች።